የስፖርት ኮፒ ኤዲተርነት ሥራ ባሕር ዳር ላይ ቀርቦልኛል፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

የሽምብጥ ልጅ
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የስፖርት ዘጋቢ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሰሞኑን እዚያው ባሕር ዳር ያለ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የስፖርት ኮፒ ኤዲተር እንደሚፈልግ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነገረኝ። አመለከትኩ። ዓርብ ለጽሑፍ ፈተና ጠርተውኛል።

ሥራው ሁለት ገጽ ነው። ከዞንና ከወረዳ የሚመጣውን ዘገባ፣ ከውጭ የሚተረጎመውን ዜና፣ የሊግ ሰንጠረዡን አርሞ፣ አሳጥሮ፣ ርዕስ ሰጥቶ ለዲዛይነር ማስረከብ። ስሜ ገጹ ላይ አይወጣም። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ትንሽ ያንሳል። እናቴ ቤት ስለምገባ ግን የቤት ኪራይ የለብኝም።

የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ አይደለም። ማይክሮፎን እወዳለሁ። ከጨዋታ በኋላ ተጫዋች አስቁሞ ማናገር እወዳለሁ። የክልላችን ስፖርት በጽሑፍ ሲወጣ ደግሞ የልጆቹ ስም ተዛብቶ፣ ውጤት ተገልብጦ ሳነብ ያንገበግበኛል። አሁን የቀረበልኝ ወንበር ያንን ማስተካከል የሚቻልበት ነው። ግን አራሚ ከሆንኩ በኋላ እዚያው ተደብቄ ልቀር ነው? ወደ ዘጋቢነት መመለስስ ይቻላል? በሙያው ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ዲጂታል ብቻ
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልሄድም። የሳምንታዊ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ማን ያነባል? ቅዳሜ የተደረገ ጨዋታ ውጤቱ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ ቴሌግራም ላይ ነው። ጋዜጣው እጃችን ሲገባ ሰው ስለሚቀጥለው ጨዋታ እያወራ ነው። ድምፅሽን ሰው ያውቀዋል። የራስሽን ቻናል ክፈቺ። ስም የማይወጣበት ሥራ ውስጥ ስምሽን አትቅበሪው።

ሞገድ ደጋፊ
ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡05

ዲጂታል ብቻ፣ ያልከው ለትልልቆቹ ጨዋታዎች ይሠራል። የባሕር ዳር ከነማን ውጤት እኔም በስልኬ ነው የማየው። የወረዳ ሻምፒዮናውንስ የት ታየዋለህ? የሴቶች ቡድኑንስ? የዞን አትሌቲክስ ምርጫውንስ?

ክለባችን በ2011 የውድድር ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ከመግባቱ በፊት በታችኛው ሊግ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። በዚያ ጊዜ ማን ይጫወት እንደነበር ለልጄ ላሳየው ብዬ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። የረባ ነገር የለም። የረዳኝ ጋዜጣ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ጎረቤታችን ነው። እሱ ካስቀመጣቸው ውስጥ አንዱ ተጫዋች በሦስት ቁራጭ ላይ በሦስት ዓይነት ስም ተጽፏል። አንድ ሰው ነው ወይስ ሦስት ሰው? እስከ ዛሬ አልለየንም። እህቴ፣ እባክሽ ነይና ይህን አስተካክዪልን።

የድሮ አራሚ
ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። በጋዜጣ ቤት ብዙ ዘመን አርሜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ተደብቄ ልቀር ነው ወይ ካልሽው ልጀምር። ሥራው ሐመሩ ሐ የት ይገባል፣ ንጉሡ ሠ የት ይገባል ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ትደበቂያለሽ። የስፖርት አራሚ ዋና ሥራ ግን የተጻፈው ነገር ልክ መሆኑን ማጣራት ነው። ከጋዜጣው ገጽ ሁሉ ቁጥር የሚበዛበት ይኸው የስፖርቱ ገጽ ነው። አንባቢውም ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ነው። አታልፊውም።

የሊግ ሰንጠረዥ ሲመጣልሽ ቀድመሽ ደምሪው። ክለቦቹ ሁሉ ያገቡት ግብ ድምር ከተቆጠረባቸው ግብ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። የግብ ልዩነቱ ዓምድ ሲደመር ዜሮ ይመጣል። ያሸነፉበት ድምር ከተሸነፉበት ድምር ጋር ይገጥማል። አቻ የወጡበት ድምር ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ነው፤ አንድ አቻ ሁለት ክለብ ላይ ስለሚመዘገብ። ካልገጠመ የሆነ ቦታ አንድ ጨዋታ ተሳስቷል፣ ወይም ሁለቱም ቡድን የተቀጡበት ፎርፌ አለ። ይህን ለማወቅ ጨዋታውን ማየት እንኳ አያስፈልግሽም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ቀጥሎ ስም። የውጭ ዜና ሲተረጎም ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ፈረንጅ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል። በ2004 የለንደን ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ላይ ታሪኩ በቀለ 3ኛ ወጣ፣ ወንድሙ ቀነኒሳ 4ኛ። የፈረንጁን ዘገባ ይዞ «በቀለ ነሐስ አገኘ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የትኛውን በቀለ ነው ያለው? «ዲባባ አሸነፈች» የሚልም ይመጣልሻል። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ሦስቱም የዲባባ ልጆች ናቸው። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው። ኃይሌን ገብረሥላሴ እያልሽ ሙሉ ገጽ ብትጽፊ የአሰላ ሰው ስለ አባትየው ያወራሽ ይመስለዋል።

ሰዓትም አለ። በሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ላይ ኃይሌ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29 ገቡ። በመካከላቸው ያለው የሰከንድ 9 መቶኛ ነው። ብዙ ጊዜ «9 ማይክሮ ሰከንድ» ተብሎ ይጻፋል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚያ ልክ ሯጭ የሚለይ መሣሪያ ትራክ ላይ የለም። እዚህ ላይ አትለፊ።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ለብቻው ሙያ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሴፕቴምበር ከሆነ 7 ይቀነሳል ብሎ በጭፍን የሚሄድ ሰው 1953 ይጽፋል። ቀኑ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። አዲሱ ዓመት የገባው በማግስቱ ነው። ቶኪዮ 2020 የሚባለው ኦሊምፒክም የተካሄደው በ2021 ነው። ሰለሞን ባረጋ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈው በእኛ ሐምሌ 2013 ነው። በስሙ ተመርቶ 2012 ብሎ የሚጽፍ ይኖራል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ላስፈራራሽ አይደለም። ሥራው ጭንቅላት የሚፈልግ መሆኑን እንድታውቂ ነው። ልትጠይቂያቸው የሚገባው ነገር አንድ ነው። ስልክ ይሰጡሻል? ዘገባውን የላከውን ሰው፣ የክለቡን ሰው፣ ዳኛውን ራስሽ ደውለሽ የመጠየቅ ሥልጣን አለሽ? ያልተጣራውን ዜና ገጽ ሲዘጋ የማስቀረት ሥልጣንስ? ሁለቱም ካለ፣ ልጄ፣ ዓይንሽን ሳታሺ ግቢ። ከሌለ ግን ፊደል ስትለቅሚ ትኖሪያለሽ፤ አዲስ አበባሽ ቆዪ።

ሰላም ከፔዳ
ረቡዕ ከረፋዱ 4፡30

ጋሼ የጻፉትን ለተማሪዎቼ አሳትሜ እሰጣለሁ። ጋዜጠኝነት ነው የማስተምረው።

እኔ አንድ ልጨምር። የሰዓት ነገር ሲነሳ የእንግሊዝን ሊግ አትርሺ። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። በእነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመረው የቅዳሜ ጨዋታ በበጋቸው ለእኛ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን 12 ሰዓት ይሆናል፣ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ተመልሶ 11። የሳምንቱን መርሐ ግብር የሚያወጣ ጋዜጣ ይህን ካላየ ባሕር ዳር ያለው የዲኤስቲቪ ቤት ሁሉ ደንበኛውን በተሳሳተ ሰዓት ይጠራል።

ወደ ዘጋቢነት መመለስ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። እንዲያውም ደህና አዘጋጅ የሚወጣው በብዛት ከዚህ ወንበር ነው። የሰው ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ስታርሚ የራስሽ ይጠራል። ነገር ግን እጅሽ እንዳይደርቅ በውልሽ ውስጥ አንድ ነገር አስገቢ። በወር አንድ ጊዜ በስምሽ የምትጽፊው ዘገባ ይኑርሽ። ከሜዳ የራቀ አራሚ ከጊዜ በኋላ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ይረሳል። ይህን በሰው አይቻለሁ።

ዘጎንደር
ረቡዕ ከቀኑ 7፡15

እኔ ደግሞ እንደ አንባቢ አንድ ቅሬታዬን ላንሳ። ፈተናውን አልፈሽ ከገባሽ ጠረጴዛሽ ላይ ይህን ጽፈሽ ለጥፊልኝ። «ክለባችን» የምትለዋን ቃል ከገጹ አውጪያት።

የክልል ጋዜጣ የባሕር ዳር ከተማ ብቻ ጋዜጣ አይደለም። ጎንደርም ይነበባል፣ ደሴም፣ ወልዲያም፣ ደብረ ማርቆስም። ፋሲል ከነማ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የመላው ክልል ዜና ነበር። ጋዜጠኛው «ክለባችን ከፋሲል ጋር ይጫወታል» ብሎ ሲጽፍ እኔ ማን ነኝ? ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ይህ አይታየውም።

ርዕስ ላይም ጦርነት አታውጁብን። ደመሰሰ፣ ድባቅ መታ፣ ረመረመ። በዚህ አካባቢ ስንት ነገር አይተናል፤ ኳስ ላይ እንኳ ቃሉ ይለዝብልን። አሸነፈ የሚል ቃል ምን ጎደለው?

ሞገድ ደጋፊ
ረቡዕ ከቀኑ 7፡40

ዘጎንደር ወንድሜ፣ ይህን ስታነሳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ የምስማማው። እኔ ደጋፊ ስለሆንኩ ክለባችን እላለሁ። ጋዜጣ ግን ደጋፊ አይደለም። የቃሉን ነገር ካነሳን «በሜዳው» የምትለዋም አለች። ሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ባለሜዳው እኛ ነበርን። ጨዋታው ግን የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። ሀገር ውስጥ መስፈርት ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። አንዱ «ዋልያዎቹ በሜዳቸው ግብፅን ረቱ» ብሎ ቢጽፍ ከ20 ዓመት በኋላ የሚያነብ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ነው የሚመስለው።

ሰኔ 2007 ላይ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስናሸንፍ እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ያ በሜዳችን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሌይአውት
ረቡዕ ከምሽቱ 1፡50

ዲዛይነር ነኝ፣ በሌላ ጋዜጣ። ከኮፒ ኤዲተር ጋር ተቀምጬ ነው ገጽ የምዘጋው፤ ስለዚህ ከእኔ ወገንም ስሚ።

አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። ባለ ሦስት ዓምድ ርዕስ ላይ የምትጽፊው ቃል ከአራት ከአምስት አይበልጥም። «የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የወጣቶችና ስፖርት መምሪያ ያዘጋጀው» ብለሽ ርዕስ ብትጀምሪ ርዕሱ እዚያው ያልቃል። ዲዛይነር ፊደሉን ጨፍልቆ ያስገባዋል፤ ገጹ ያስጠላል። ርዕስ ስታወጪ ቦታውን ቀድመሽ ጠይቂ።

ሌላው ከወረዳ የሚመጣው ዘገባ አሠራሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አንቀጾች ንግግር ናቸው። ኃላፊው ስፖርት ለጤና ያለውን ጠቀሜታ አስረዱ። ምክትላቸውም አሳሰቡ። የክብር እንግዳው ኳሱን መትተው አስጀመሩ። ማን አሸነፈ? የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቦታ ሲጠብ ደግሞ የሚቆረጠው ከታች ነው፤ ውጤቱ አብሮ ይሄዳል! ደህና ኮፒ ኤዲተር ገልብጦት ውጤቱን፣ ግብ ያገባውን፣ ደቂቃውን ወደ ላይ ያመጣል። ንግግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቋጨዋል። የወረዳው ሰው ሊያኮርፍ ይችላል። ያገባው ልጅ እናት ግን ጋዜጣውን ትገዛለች።

ሦስተኛው የጽሕፈት ነገር። አሁንም በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር፣ የሚጽፉ ቤቶች አሉ። በዚያ የተጻፈ ፋይል ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ስም ብትፈልጊም አያገኝልሽም። ሞገድ ደጋፊ የድሮ ተጫዋቾቹን ኢንተርኔት ላይ ያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ኮድ፣ እንዲጻፍ ገና ከመጀመሪያው ጠይቂያቸው። ለዲዛይኑም ለማኅደሩም ይጠቅማል።

ዲጂታል ብቻ
ረቡዕ ከምሽቱ 2፡30

ሌይአውት ያነሳው ነጥብ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። የታተመው ብቻውን ከቀረ ይጠፋል። የምትሠሪው እርማት ድረ ገጽ ላይ ካልወጣ ያ ሁሉ ድካም ለአንድ ሳምንት ነው። ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እኔ በቻናሌ የማወጣው የወረዳ ውጤት ከየት ይመጣል? ከእነዚሁ ጋዜጦችና ሬዲዮዎች ነው። ምንጩ ከተበላሸ የእኔም ይበላሻል። ስለዚህ ሂጂ አልልም፣ አትሂጂም አልልም። ድረ ገጹንም አንቺ ታርሚያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ወረቀቱ ላይ የታረመው ስም ድረ ገጹ ላይ ሳይታረም ከወጣ ሰው የሚያገኘው የተሳሳተውን ነው።

የውል ሰው
ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00

የሥራ ውል የማየት ሙያ አለኝ። ማንም ስላላነሳው ጥቂት ልበል።

ቅጥሩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የስፖርት ገጽ ማታና ቅዳሜ እሑድ ሥራ ይበዛዋል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 እጥፍ። መንግሥታዊ ተቋም ከሆነ የሚገዛው ሌላ ሕግና የራሱ መመሪያ ነው። የትኛው እንደሆነ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ።

ገጹ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ በኋላ ማን ያደርስሻል? ለሴት ልጅ ማታ ከቢሮ መውጣት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰርቪስ ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የሽምብጥ ልጅ
ሐሙስ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የጻፉትን እያነበብኩ አንድ ያለፈ ሳምንት ሰንጠረዥ ደምሬ አየሁት። አቻው ጎዶሎ ቁጥር መጣ! ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ።

ዘጎንደር፣ ቅሬታህ ልክ ነው። እኔም ባሕር ዳር ስላደግሁ ያ ቃል አይታየኝም ነበር፤ አሁን አየሁት።

የወሰንኩት ይህን ነው። ፈተናውን እወስዳለሁ። ካለፍኩ ስለ ስልኩና ዜና ስለማስቀረቱ ሥልጣን ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። እሱ ከሌለ ደመወዙ ቢጨመርም አልፈርምም። ነገ ጠዋት ነው ፈተናው፤ ቀኑን መንገድ ላይ ላለመዋል በአውሮፕላን መጥቼ አሁን እናቴ ቤት ነኝ።

ሰላም ከፔዳ
ሐሙስ ከምሽቱ 3፡30

ይቅናሽ። ሲሰጡሽ ቶሎ ማረም አትጀምሪ። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። የስፖርት ዘገባ ስህተት ብዙ ጊዜ በሁለት አንቀጽ መካከል ነው እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ
ዓርብ ከቀኑ 9፡40

ወጣሁ! ሰላም ከፔዳ፣ ምክርሽ ነው ያዳነኝ።

የሰጡን የአንድ የወረዳ ጨዋታ ዘገባ ነው፣ ለፈተናው የተዘጋጀ። ላይ ላዩን ሲያዩት የፊደል ግድፈት የሞላበት ነው። አጠገቤ የነበሩት ወዲያው ቀይ እስክሪብቶ አነሱ። እኔ መጀመሪያ አነበብኩት።

ውጤቱ 3 ለ 2 ይላል። የተዘረዘሩት ግቦች ግን ሲቆጠሩ አራት ናቸው። በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባ ልጅ በ62ኛው ደቂቃ ግብ አግብቷል። በሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ የወጣ ተከላካይ በ88ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጥራል። አንቀጽ ሁለት ላይ የቡድኑ አምበል የተባለው ሰው አንቀጽ ሰባት ላይ የተጋጣሚው በረኛ ነው። ሌይአውት እንዳልከው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንቀጾች የንግግር ናቸው፤ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ቦታ ግን ቆሜ አሰብኩ። አንድ አሠልጣኝ «ዳኛው ጉቦ በልቷል» ብሏል ይላል ዘገባው። የዳኛው ምላሽ የለበትም። ስሙ ግን እስከ አያቱ ተጽፏል። ምን ማድረግ አለብኝ? ቆርጬ ብጥለው የአሠልጣኙን ቅሬታ ደበቅሁ። ብተወው የአንድን ሰው ስም ያለ ማስረጃ አጠፋሁ። ዳር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዳኛውና የዳኞች ኮሚቴ ሳይጠየቁ ይህ አይወጣም። ገጹ እስኪዘጋ ካልተገኙ አሠልጣኙ በዳኝነቱ ቅር መሰኘቱና ለፌዴሬሽኑ ክስ ማስገባት አለማስገባቱ ብቻ ይቀመጥ፤ ክሱ ገብቶ እንደሆነም ደውለን እናጣራ።»

የድሮ አራሚ
ዓርብ ከቀኑ 10፡25

ልጄ፣ ይህችን ዳር ላይ የጻፍሻትን አንብቤ በጣም ደስ አለኝ። የቀረውን ማንም ደማሪ ያገኘዋል። ይህን ግን ሁሉ ሰው አያየውም። በትንሽ ከተማ ዳኛ ማለት በማግስቱ ገበያ የሚወጣ ሰው ነው። ልጆቹ ከተጫዋቾቹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ዋና ከተማ ላይ ያለ ጋዜጣ የማያውቀውን ሰው ስም ጽፎ ያልፋል። እናንተ ከዚያ ሰው ጋር ነው የምትኖሩት። ለዚህ ነው የክልል ጋዜጣ አራሚ ከሌላው በላይ መጠንቀቅ ያለበት።

ሞገድ ደጋፊ
ዓርብ ከምሽቱ 12፡10

ዳኛ ላይ ብዙ ጊዜ ጮኬያለሁ። ቢሆንም ጋሼ ትክክል ናቸው። ስታዲየም ውስጥ የሚጮኸው ስታዲየም ውስጥ ይቀራል። የተጻፈ አይጠፋም።

የሽምብጥ ልጅ
ማክሰኞ ከቀኑ 8፡05

ደወሉልኝ፤ አልፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ከዋና አዘጋጁ ጋር ተነጋገርን። ያልኩትን ሁሉ ጠየቅሁ።

ስልኩ ይፈቀዳል፤ የቢሮ መስመር ይሰጡኛል። ያልተጣራ ዜና ማስቀረት ላይ በመጀመሪያ አመነቱ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። አስቀራለሁ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ለዋና አዘጋጁ አሳውቃለሁ፤ ካልተስማማን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በወር አንድ ዘገባ በስሜ እንድጽፍ ፈቅደዋል። የመጀመሪያውን ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ለመሥራት ጠይቄያለሁ፤ የፈረስ ጉግስ የስፖርት ገጽ ላይ ቦታ ይገባዋል ባይ ነኝ። ሰርቪሱ ውሉ ላይ ተጽፏል። ድረ ገጹን ግን ሌላ ክፍል ነው የሚይዘው። የታረመውን ቅጂ እንዲወስዱ ተነጋግረናል፤ ገና አልጠነከረም፣ እገፋበታለሁ።

ለሬዲዮ ጣቢያው የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ማይክሮፎኑ ይናፍቀኛል። ቢሆንም ፈርሜያለሁ።

ዘጎንደር
ማክሰኞ ከቀኑ 8፡20

እንኳን ደስ ያለሽ! አንድ ሥራ ከአሁኑ ልስጥሽ። የሴቶች ቡድኖቹን ስም ዝርዝር ከነአባታቸው ስም የያዘ ሰው ጋዜጣ ቤቶቹ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዘገባው ላይ ግብ ያገባችው ልጅ በስሟ ብቻ ነው የምትጻፈው፤ ወይም በማልያ ቁጥር። የወንዶቹ እስከ ቅጽል ስማቸው ይወጣል።

የድሮ አራሚ
ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00

ዘጎንደር ያለውን በመጀመሪያው ሳምንትሽ ጀምሪው። እያንዳንዱ ክለብ ለፌዴሬሽን ያስገባው የተጫዋቾች ዝርዝር አለው፣ ፎቶግራፍም አለበት። የሴቶቹንም የወንዶቹንም ግልባጭ ጠይቂ። የስም ከነአባትና ከነአያት መዝገብ አዘጋጂ፣ በዩኒኮድ። አጻጻፉን ግን ከዝርዝሩ ብቻ አትውሰጂ፤ እሱንም የጻፈው ሌላ ጸሐፊ ነው። ልጆቹን ራሳቸውን «ስምሽን እንዴት ነው የምትጽፊው?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

የሽምብጥ ልጅ
ማክሰኞ ከቀኑ 9፡15

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ልምምድ አላቸው፤ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ።